የኮሎኝ የጎዳና ካርኒቫል፦ ከጓደኞቻችሁ ጋር ለብሳችሁ ለምትመጡ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥር ሲገባ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። "ዘንድሮ ኮሎኝ ልንመጣ ነው፤ ምን እንልበስ? የት እንቁም?" ከፍራንክፈርት ይደወላል፣ ከሽቱትጋርት ይደወላል፣ አንዳንዴም ከአምስተርዳም። ለሁሉም አንድ በአንድ ከማስረዳ ልጻፈው ብዬ ነው። የምኖረው እዚሁ ከተማ ነው። የመጀመሪያውን ካርኒቫሌን በመስኮት ነበር ያየሁት፤ "እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው?" እያልኩ። ከዚያ ወዲህ ቀርቼ አላውቅም።

መቼ ነው የሚከበረው?

ሁለት መልስ አለው። ወቅቱ የሚከፈተው ኖቬምበር 11 ቀን፣ ልክ 11፡11 ላይ ነው። በጀርመን ሰዓት ማለቴ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር አምስት ሰዓት ከ11 ስለሚሆን ቀልዱ ይበላሻል። አስራ አንድ እዚህ የቀልደኞች ቁጥር ናት። ከዚያ በኋላ ገናም ስለሚመጣ ነገሩ ቀዝቀዝ ይላል፤ ጭፈራው ወደ አዳራሽ ይገባል።

እናንተ የምትፈልጉት የጎዳናው ካርኒቫል ግን ስድስት ቀን ነው፤ ከሐሙስ እስከ ማክሰኞ። ሐሙስ የሴቶች ቀን ነው፤ ቫይበርፋስትናኽት ይባላል። እሑድ የትምህርት ቤቶችና የየሰፈሩ ሰልፍ አለ። ሰኞ ትልቁ ሰልፍ፣ ሮዘንሞንታግ። ማክሰኞ እንደገና የሰፈር ሰልፎች፣ ሌሊቱን ደግሞ ኑበል የሚባለውን የጭድ አሻንጉሊት ማቃጠል። ረቡዕ ጠዋት ከተማው ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ሥራ ይገባል። ቀኑ ከምዕራባውያኑ ፋሲካ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ስለሚወጣ በየዓመቱ ይለዋወጣል። በ2027 ሮዘንሞንታግ ፌብሩዋሪ 8 ይውላል፤ በ2028 ደግሞ ፌብሩዋሪ 28።

የአንድ ቀን ፈቃድ ብቻ ካላችሁ ለጭፈራ ሐሙስን፣ ለማየት ሰኞን ያዙ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን እሑድ፤ ፈቃድም አያስፈልገውም። ልጆችና አስተማሪዎቻቸው በእጃቸው የሠሩትን ለብሰው ይወጣሉ፤ ግፊያውም ከሰኞ ይሻላል።

ሃይማኖታዊ በዓል ነው ወይስ ዝም ብሎ ጭፈራ?

ቅበላ ነው። ለሐበሻ ከዚህ የቀለለ ማብራሪያ የለኝም። ካቶሊኮች ከረቡዕ ጀምሮ ጾም ይገባሉ፤ ከዚያ በፊት ያሉት ቀናት ይበላባቸዋል፣ ይጠጣባቸዋል። እናቶቻችን ሁዳዴ ሊገባ ሲል "ይሄ ሥጋ እንዳያድር!" እያሉ የሚያስጨንቁን ዓይነት ነገር ነው። ካርኒቫል የሚለው ቃል ራሱ ሥጋን ማንሳት ከሚል የላቲን አነጋገር እንደመጣ ነው የሚነገረው። የእኛ ቅበላ ቤት ውስጥና ሥጋ ቤት ያልቃል፤ የእነሱ ጎዳና ይወጣል። ዛሬ ዛሬ ረቡዕ ላይ የሚጾመው ጥቂት ነው፤ ቅበላው ግን አልቀረም።

ሌላም ነገር አለው፦ ባለሥልጣን ላይ መሳቅ። ኮሎኝን በ1794 ፈረንሳዮች ያዟት፤ በ1815 ደግሞ ለፕሩሲያ ተላለፈች። ሳቅ የማያውቁ፣ ሥርዓት የሚወዱ ወታደሮች ከተማዋን ሞሏት። በ1823 ካርኒቫሉን የሚያደራጅ ኮሚቴ ተቋቁሞ የመጀመሪያው የሮዘንሞንታግ ሰልፍ ወጣ። በዚያው ዓመት ሮተ ፉንከን የሚባለው ማኅበር ተመሠረተ። አባላቱ የድሮ የከተማ ወታደሮችን ቀይና ነጭ ደንብ ልብስ ይለብሳሉ፣ የእንጨት ጠመንጃ ይይዛሉ፣ ከዚያ ጀርባ ለጀርባ ገጥመው ቂጣቸውን እያፋተጉ ይጨፍራሉ። በወታደር ላይ ከዚህ በላይ ማሾፍ ከየት ይመጣል? እነሱም ልማዱም ዛሬም አሉ። ሰኞ ሰልፉ ላይ የምታዩዋቸው ግዙፍ የፖለቲከኛ አሻንጉሊቶችም የዚያው ልማድ ልጆች ናቸው።

ሁሌም ሳቅ አይደለም። በ1991 በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ምክንያት ይፋዊው ሰልፍ ቀርቷል። በ2022 ደግሞ ሩሲያ ዩክሬንን ከወረረች ከአራት ቀን በኋላ ነበር ሮዘንሞንታግ የዋለው። ሰልፉ ወደ ሰላም ሰልፍ ተቀየረ። ሰዉ የክላውን ልብሱን እንደለበሰ መፈክር ይዞ ወጣ።

ሳልለብስ ብመጣስ?

የሚከለክላችሁ የለም። ግን በሌላ ቀን ሙዝ ለብሶ የሚሄድ ሰው እንደሚታየው፣ በዚያ ቀን ጥቁር ጃኬት የለበሰ ሰው እንደዚያው ይታያል። ባቡር ውስጥ ንብ አጠገባችሁ ይቀመጣል። ዳቦ የሚሸጥላችሁ የባሕር ወንበዴ ነው። ጓደኛዬ አንዴ "እኔ ለማየት ብቻ ነው የመጣሁት" ብሎ በሥራ ልብሱ መጣ። ግማሽ ቀን ሙሉ "አንተ ደግሞ ምን ሆነህ ነው የመጣኸው?" ሲባል ዋለ። በመጨረሻ "የግብር ሰብሳቢ" ማለት ጀመረ። ተወደደለት።

እሺ፣ ምን እንልበስ?

በጣም ቀላሉ፦ ቀይና ነጭ ሽንትር ያለው ሹራብና ቀይ የክላውን አፍንጫ። ቀይና ነጭ የከተማዋ ቀለማት ናቸው፤ ከዚህ በኋላ ማንም ጥያቄ አያነሳባችሁም። ሁለተኛው፣ እንደ ሕፃን ልብስ ከላይ እስከ ታች የሆነ የእንስሳ ቱታ ነው። አንበሳ፣ ላም፣ ቀጭኔ። ሲያዩት ያስቃል፤ ውስጡ ግን ብርድ ልብስ ነው። ወሩ ፌብሩዋሪ መሆኑን አትርሱ። ኢንተርኔት ላይ ያያችሁት የሪዮ ካርኒቫል ልብስ እዚህ የሳንባ ምች ነው። ስለዚህ የምትገዙት ልብስ በአንድ ቁጥር ይስፋ፤ ከሥሩ ሹራብ፣ ከሹራቡ ሥር ሌላ ሹራብ። ጫማ አዲስ አይሁን። ቆማችሁ ነው የምትውሉት፤ በዚያ ላይ ይረገጣል።

ደስ የሚለው ግን በቡድን አንድ ነገር መሆን ነው። እኛ አንድ ዓመት ሚኒባስ ሆንን። የአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ። ከትልቅ የፍሪጅ ካርቶን ሠራነው፣ ቀለም ቀባነው፣ በገመድ ትከሻችን ላይ አንጠለጠልነው። ስድስት ሰው ይይዛል። ሹፌሩ ፊት፣ ወያላው በር ላይ። ወያላችን ቀኑን ሙሉ "ዶም! ዶም! ዶም! አንድ ሰው፣ የሞላ!" ሲል ዋለ። ዶም ማለት እዚህ ያለው ትልቁ ካቴድራል ነው፤ የምንሄደውም በእርግጥ ወደዚያ ነበር። ጀርመኖቹ የሂፒ መኪና መሰልናቸው፤ በሩን ከፍተው እየገቡ ሃምሳ ሜትር አብረውን ይሄዱ ነበር። ሒሳብ በከረሜላ ነው። ከመንገዱ ማዶ ግን አንድ የባሕር ወንበዴ፣ በአንድ ዓይኑ ጨርቅ ያሰረ፣ በሳቅ እየተንፈራፈረ "ወራጅ አለ!" ብሎ ጮኸ። ቀጥ ብለን ቆምን። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ ዘነበ። ካርቶን ውኃ ሲጠጣ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ከምሳ በፊት ጣሪያው ሹፌሩ ላይ ወደቀ። እና ምክሬ፦ ከካርቶን ይልቅ ጨርቅ በቀጭን ሽቦ ላይ ወጥሩ። ከመሥራታችሁ በፊት የባቡር በር ስፋት ለኩ። አንድ ሰው ብቻውን ከውስጡ መውጣት የሚችልበት ነገርም ይሁን፤ ለምን እንደሆነ ከታች ስለ ሽንት ቤት ሳነሳ ይገባችኋል።

የሐበሻ ቀሚስ ለብሼ ብመጣስ?

የራሳችሁ ልብስ ነው፤ እኔ ግን አልመክርም። ሌላ ቀን "እንዴት ያምራል!" የሚላችሁ ሰው በዚያ ቀን "ምን ሆነሽ ነው?" ነው የሚላችሁ። የበዓል ልብሴን ካርኒቫል መሃል ቆሜ ማስረዳት አልፈልግም። ጥለቱ ላይ ቢራ ሲደፋ ደግሞ አስቡት።

ፊቱን ጥቁር የተቀባ ሰው ቢያጋጥመንስ?

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሊያጋጥም ይችላል። በየዓመቱ ክርክር ይነሳበታል። የሰው ቆዳ የካርኒቫል ልብስ አይደለም የሚለው ወገን ድምፁ እየጎላ ነው፤ "ድሮም እንዲህ ነበር" የሚልም አለ። እኔ አጠገቤ ከሆነ በቀጥታ "ይሄ ደስ አላለኝም" እላለሁ። አንዳንዱ ደንግጦ ይቅርታ ይጠይቃል። የሰከረ ከሆነ ጥዬው እሄዳለሁ። ቀኔን ለእሱ አልሰጥም።

የማይለበስ ነገር አለ?

እውነተኛ የሚመስል የአሻንጉሊት ጠመንጃ አትያዙ፤ ሕጉም ይከለክላል፣ ፖሊስም ይቀማችኋል። እውነተኛ የፖሊስ ደንብ ልብስም እንደዚያው። ፖሊስ መሆን ከፈለጋችሁ ከሩቅ ቀልድ መሆኑ የሚታወቅ ይሁን። ሮዝ ቀለም ጥሩ ነው።

ሁዳዴ ላይ ቢውልስ?

ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይሄንን ነው። የሁለቱ ፋሲካዎች ቀን ስለሚለያይ በየዓመቱ ማስላት ያስፈልጋል። በ2025 ሁለቱ ፋሲካዎች በአንድ ቀን ስለዋሉ ሮዘንሞንታግ የሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንት ውስጥ ገባ። በ2026 ይብስ፦ ሁዳዴ የገባበት ሰኞና ሮዘንሞንታግ አንድ ቀን ሆኑ፣ ፌብሩዋሪ 16። የእነሱ ቅበላ ሲደራ የእኛ ጾም ተጀመረ። በ2027 ግን ሁዳዴ የሚገባው ማርች 8 ስለሆነ አንድ ወር ሙሉ ይተርፋችኋል። ሙስሊም ጓደኞች ካሏችሁ ግን የ2027ቱ ሮዘንሞንታግ ረመዳን ከሚገባበት ሰሞን ጋር ይገጥማል፤ ሳትጠይቋቸው ቲኬት አትቁረጡ። በ2028 እንደገና ሁዳዴ ውስጥ ነን።

ጾም ላይ ለመጣ ሰው የሚበላ አለ። የተጠበሰ ድንች አለ፤ ማዮኔዙን ብቻ ተዉት። ፈላፍል አለ። በስኳር የተቆላ ለውዝ አለ። ቤርሊነር የሚባለው በማርማላታ የተሞላ ጣፋጭ ግን እንቁላልና ወተት አለው፤ ሽታው ሲያልፍ ዓይናችሁን ጨፍኑ። ስለ ቢራው የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፤ እኔ ውስጡ አልገባም።

የት እንቁም?

ሐሙስ 11፡11 ላይ መክፈቻው አልተር ማርክት የሚባለው አደባባይ ነው። ወደዚያ መግባት ለሚፈልግ ጠዋት በጊዜ ነው። ዙልፒሸር ጎዳና አካባቢ የተማሪዎች ሠፈር ነው። መግቢያው በአጥር ይቆጣጠራል፣ ሲሞላ ይዘጋል፣ ከገቡ በኋላ መውጣትም ቀላል አይደለም። ሃያ ዓመት የሞላው ሁሉ አንዴ ይሄድበታል፤ ሁለተኛ የሚሄድ ጥቂት ነው። እኔ ከጓደኞቼ ጋር የምመርጠው ደቡብ ከተማ፣ ክሎድቪግ አደባባይ አካባቢ ነው። ሰኞ ሰልፉ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያው አካባቢ ስለሚነሳ ተሰላፊዎቹ ሳይደክማቸው፣ ከረሜላው ሳያልቅባቸው ታገኟቸዋላችሁ። ሰልፉ አልፎ እስኪያልቅ ሰዓታት ይፈጃል። የሚታጠፍ ትንሽ መቀመጫ የያዙ አሮጊቶች ካያችሁ አጠገባቸው ቁሙ። ቦታ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ካሜሌ ምንድን ነው? ለምን ሁሉም ይጮሃል?

ከረሜላ ነው። ከሰልፉ መኪናዎች ላይ ወደ ሕዝቡ ይወረወራል፤ ቸኮላት፣ ማስቲካ፣ ብስኩት፣ አንዳንዴ ሙሉ የቸኮላት ሣጥን። በሮዘንሞንታግ ብቻ 300 ቶን ገደማ ይበተናል። "ካሜሌ!" ብሎ ያልጮኸ አይወረወርለትም። ነገሩ እንደ ሆያ ሆዬ ነው፤ ዝም ያለ ልጅ ሙልሙል አያገኝም። "ሽትሩስየር!" ካላችሁ ደግሞ ትንሽ የአበባ እቅፍ ይሰጣችኋል። አበባው አይወረወርም፣ በእጅ ነው የሚሰጠው፤ ብዙ ጊዜም ዓይን ለዓይን ለተያየ ሰው።

የጨርቅ ቦርሳ ያዙ። ጃንጥላ ገልብጠው የሚለቅሙም አሉ፤ አይከለከልም፣ ትንሽ ስስታም ያስመስላል እንጂ። መሬት የወደቀውን በእጅ ከማንሳታችሁ በፊት በእግር ያዙት፤ አለዚያ ጣታችሁ ይረገጣል። ከመኪናው ጎማ አጠገብ ግን በጭራሽ አትጎንበሱ።

ልጆች ይዘን ብንመጣ?

እሑድ ወይም ማክሰኞ፣ የሰፈር ሰልፍ ላይ። ጆሮአቸውን የሚሸፍን ነገር፣ ስልክ ቁጥራችሁን ክንዳቸው ላይ በእስክሪፕቶ።

ክራባቴን ቢቆርጡብኝስ? ቡትስየስ?

ሐሙስ ቀን ሴቶች ከተማውን ይረከባሉ። መቀስ ይዘው ይዞራሉ፤ ክራባት ያሰረ ወንድ ካገኙ ጫፉን ቸብ ያደርጉታል። መነሻው ዛሬ የቦን ከተማ ክፍል የሆነችው ቦይል ናት፤ በ1824 ልብስ አጣቢ ሴቶች ተሰባስበው ካርኒቫሉ የወንዶች ብቻ አይደለም ያሉባት። ወንዶች፣ አሮጌ ክራባት አድርጉ። ሴቶች፣ ቁረጡ፣ ግን በዓይን አስፈቅዱ። ኤሰን ከተማ ውስጥ አንዲት ሴት ያልፈቀደ ደንበኛ ክራባት ቆርጣ ፍርድ ቤት ካሳ አስከፍሏታል።

ቡትስየ ጉንጭ ላይ የምትደረግ ትንሽ መሳም ናት። እኛ ሰላምታ ስንሰጥ ሦስቴ አራቴ ከምንሳሳመው አይበልጥም። ፈቃድ ያስፈልጋታል። ካልፈለጋችሁ "ናይን" በቂ ነው። ከዚህ ያለፈ እጅ ከመጣ ካርኒቫል አይደለም፣ ወንጀል ነው፤ 110 ፖሊስ፣ 112 አምቡላንስ። ኤደልጋርድ የሚል ስም ያለው የሴቶች መርጃም አለ፤ በካርኒቫል ቀናት በጎዳና ላይ ይቆማል።

ቢራው ለምን አይቆምም?

የከተማዋ ቢራ ኬልሽ ይባላል። ቀጭን የ0.2 ሊትር ብርጭቆ ነው፤ ሦስት ጉንጭ። አስተናጋጁ ሳትጠይቁት ሙሉ ብርጭቆ ያመጣላችኋል፣ ሲያልቅ ሌላ ያስቀምጣል። እንደ እትዬ ጉርሻ ነው፤ "በቃኝ" ማለት አይሠራም። የሚያቆመው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የብርጭቆ ማስቀመጫ ካርቶኑን ብርጭቆው አፍ ላይ መክደን። ጠርሙስ ይዛችሁ አትዙሩ፤ በዋና ዋናዎቹ ቦታዎች በካርኒቫል ቀናት መስታወት የተከለከለ ነው።

ሽንት ቤትስ?

ወረፋው ረጅም ነው፤ ሳያስቸኩላችሁ በፊት ተሰለፉ። ግድግዳ ላይ የተያዘ ይቀጣል። አሁን የሚኒባሱን በር ጉዳይ አስታውሱ።

ጉንጉን ጸጉር ያላት ረጅሟ ሴትዮ ወንድ ናት?

አዎ። በየዓመቱ ልዑል፣ ገበሬና ድንግል የሚባሉ ሦስት ሰዎች ይመረጣሉ፤ ድንግሏ በልማዱ ጺሙን የተላጨ ወንድ ናት። በሴት የተተካችው ናዚዎች ወንድ ቀሚስ መልበሱን ባልወደዱበት ጊዜ ነው፤ በ1938ና በ1939።

ምን ብለን እንጩህ?

"አላፍ!" በጭራሽ "ሄላው!" እንዳትሉ። እሱ የተቀናቃኟ ከተማ የዱስልዶርፍ ነው። አንዴ አምልጦኝ የማላውቃት ነብር ትከሻዬን ይዛ ቁጭ አድርጋ አስተማረችኝ።

ብንጠፋፋስ?

ትጠፋፋላችሁ። ሰዉ ሲበዛ ኔትወርክ አይሠራም። ጠዋት ላይ አንድ ቦታና አንድ ሰዓት ተስማሙ፤ "ዶም ፊት ለፊት" አይበቃም፣ ግማሹ ከተማ የሚቀጣጠረው እዚያ ነው። አንድ የተወሰነ ሱቅ በር ይሁን። ለየት ያለ ልብስ የለበሰ ሰው ደግሞ እንደ ባንዲራ ያገለግላል። እኛ ቀጭኔ አለን።

ማክሰኞ ሌሊት የሚቃጠለው ሰውዬ ማነው?

ኑበል ይባላል። የጭድ አሻንጉሊት ነው፤ በካርኒቫሉ ቀናት የመጠጥ ቤቶች በር ላይ ተሰቅሎ ሁሉን ያያል። ማክሰኞ እኩለ ሌሊት አካባቢ ሻማ ተይዞ፣ የውሸት ቄስ ቀድሞ፣ የውሸት ለቅሶ እየተለቀሰ ይወርዳል። ከዚያ ክሱ ይነበባል። ደመወዛችንን በሦስት ቀን የጨረስነው በማን ጥፋት ነው? "በኑበል!" የማይሳመውን የሳምነው በማን ጥፋት ነው? "በኑበል!" እሳት ይለኮስበታል፤ ሰዉ እያለቀሰ ይስቃል። እኔ ስድስቱን ቀን ቀርታችሁ ይህችን አንዲት ሌሊት ብትመጡ አልቆጣም።

ሚኒባሱ የፈረሰበት ዓመት እኛም እዚያ ነበርን። ወያላችን "ዶም ዶም" ሲል ሰንብቶ ድምፁ ጨርሶ ተዘግቷል። "ይሄ ሁሉ ዝናብ የማን ጥፋት ነው?" የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። እሱ መናገር ስላልቻለ የተረፈችውን የታክሲውን በር ወደ ላይ ከፍ አድርጎ በጣቱ ኑበልን አሳየ።